ከበራችን በላይ የነበረው ምንጣፍ

ያ ምንጣፍ ከበራችን በላይ የተቀመጠው ለእኔ ነበር ወይስ ለጨርቁ?

ይህን ጥያቄ ከወጣትነቴ ጀምሮ ይዤው ሸብቻለሁ፤ መልስ ግን የለኝም። በመጻሕፍት መካከል ስለምውል ሰዎች የማላውቀው ነገር ያለ አይመስላቸውም። ተማሪዎች የወንዝ ርዝመት፣ የንጉሥ ዘመን፣ የቃል ትርጉም ይጠይቁኛል፤ ተነሥቼ ትክክለኛውን ገጽ ገልጬ አሳያቸዋለሁ። ለዚህ ለራሴ ጥያቄ ግን የምገልጠው ገጽ አላገኘሁም።

አገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በጁገል ግንብ ውስጥ ባሉት የቆዩ የሐረር ቤቶች ከመግቢያው በር በላይ፣ በውስጥ በኩል፣ የእንጨት መደርደሪያ አለ። እዚያ ላይ ተጠቅልሎ የተጋደመ ምንጣፍ ካለ በቤቱ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። ልጅቷ ስትዳር ይወርዳል። ስለ እሱ ማንም አፍ አውጥቶ አይናገርም። እንግዳ ይገባል፣ መደቡ ላይ ይቀመጣል፣ ቀና ብሎ ያያል፣ ይገባዋል። እኔ አልተዳርኩም፤ የእኔ ምንጣፍም በዚህ ምክንያት አልወረደም።

ጥያቄው እንደ አዲስ የተነሣብኝ በአንድ አስጎብኚ ሰበብ ነው። ሰውየው ከግንቡ ውጭ ካለው ከተማ፣ ከቀድሞ ሰፋሪዎች ቤተሰብ የተወለደ ክርስቲያን ነው፤ ዕድሜው አርባን ተሻግሯል፤ ምላሱ ግን ገና ሃያ አልሞላውም። ሌሎቹ አስጎብኚዎች ጅብና መስጊድ ሲያሳዩ፣ እሱ የኮንትሮባንድ ወሮበሎች የተሹለከለኩባቸውን መንገዶችና ፊልም የተቀረጸባቸውን ቦታዎች ያሳያል። መጀመሪያ ስሰማ አፌን አጣምሜ ነበር። ወሮበላም ይጎበኛል? ብዬ።

አንድ ቀን ወደምሠራበት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መጣ።

«ቲቸር፣» አለኝ፤ አስተምሬ አላውቅም፣ ግን ከተማው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራኝ። «እኔ አፍ አለኝ፣ እርስዎ ጭንቅላት አለዎት። እንቀናጅ።»

«ቀልድህን ተወውና የፈለግኸውን ተናገር።»

«እሑድ እሑድ ከጎብኚዎቹ ኋላ ሆነው ይከተሉኝ። ስሳሳት ያርሙኛል።»

«በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት ካረሙኝማ አለቀልኝ። ይሳሉ።»

«ምን?»

«ይሳሉ። እህ፣ እህ። ለእኔ ይበቃኛል።»

ተቆጥቼ ሸኘሁት። ያን ሳምንት እሑድ ግን ሻርፔን አጥብቄ አስሬ ጉብኝቱ በሚነሣበት የግንቡ መግቢያ፣ ፈላና በር፣ ቆሜ ተገኘሁ። ስሕተት አለ ተብሎ ተነግሮኝ ቤቴ መቀመጥ አልችልም፤ ባሕርዬ ነው።

እንዲህ ሆነን ሁለት ዓመት ያህል ሠራን። ዓመተ ምሕረት ሲያዛባ እስላለሁ። የበሩን ስም ሲያምታታ እስላለሁ። እሱም ዞር ሳይል «ይቅርታ፣ ልክ አልተናገርኩም» ይልና ያስተካክላል። ጎብኚዎቹ ያዝኑልኛል። ከአዲስ አበባ የመጣች ልጅ አንድ ጊዜ ከቦርሳዋ የጉሮሮ ከረሜላ አውጥታ «ማዘር፣ ይህን ይምጠጡ» አለችኝ። እሱ ከፊት ሆኖ «አትስጪያቸው! እሳቸው ሳል ካቆሙ እኔ ጠፋሁ» ብሎ ጮኸ። ማንም አልገባውም፤ ሁለታችን ብቻ ሳቅን።

አሁን ያ አጣምሜው የነበረው አፌ የሚናገረው ምስጋናውን ነው። ሰውየው መንገድ ሲያሳይ ማየት ደስ ይላል። ከፈላና በር ይነሣና፣ የድሮ ኮንትሮባንዲስቶች በድርቆሽ ጭነት ሥር ጨርቅና ሰዓት ደብቀው አህያ እየነዱ እንዴት እንደገቡ ይነግራቸዋል። «ፈታሹ ባለ አህያውን ከላይ እስከ ታች ይዳብሳል፤ አህያዋን ግን ሰላም ብሏት ያሳልፋል» ይላል። በየሰው ደጃፍ ሲደርስ ድምፁን ይቀንሳል። ባለቤቶቹን በስማቸው ጠርቶ፣ እንደየሃይማኖታቸው ሰላም ብሎ፣ ቆመን እናውራ ወይ ብሎ ሳያስፈቅድ አንድም ቃል አይተነፍስም። የሞተ ወሮበላ እንኳ ልጆች እንዳሉት አይረሳም። ይህን ከብዙ የተማረ ሰው አላየሁትም።

የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ሲደርስ ደግሞ ወደ ፊልሙ ይገባል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የወሮበላ ፊልም ሠሪዎች መጥተው እዚህ የማሳደድ ትዕይንት ቀርጸው ነበር። ዋናው ተዋናይ በልብስ ሰፊዎቹ መካከል ይሮጥና፣ አንድ ጥግ ዞሮ፣ ወዲያው በፈላና በር ይወጣል። በእውነት ቢሆን ከተማውን ማቋረጥ ነበረበት። ይህን በሳልሁበት ቀን አስጎብኚው ለጎብኚዎቹ «ትክክል ነው፣ አይደርስም፤ ግን ሲኒማ ውስጥ ግንብም ዳገትም የለም» አላቸው።

እሱ ራሱ በዚያ ፊልም ላይ ተጫውቷል። ሚናው መሞት ነው። ጥጉ ጋ ሲደርስ ቦርሳውን ለአንድ ጎብኚ ያስይዝና ድንጋዩ ላይ ጋደም ይላል። «እዚህ ነው የሞትኩት» ይላል። ዘወትር እሑድ አንድ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን ሳያቆም ይጠይቀዋል፦

«አቦ! ዛሬም አልቀበሩህም?»

«መሬት ተወደደ!»

«ተነሥ በቃ፣ ሱሪህን እኔ ነኝ የምጥፈው!»

ከሳቁ በኋላ ወደ ዋናው ታሪክ ያልፋል። «የኮንትሮባንዱ ንጉሥ» የሚለው ሰው ታሪክ ነው። ሰውየው በእርግጥ ነበረ፤ እኔም አውቀዋለሁ። አስጎብኚው ከንጉሡ ቤት ደጃፍ ቆሞ እንዲህ ይተርካል፦ አንድ ሌሊት ሦስት አህያ ሙሉ ውድ ጨርቅ ወደ ጁገል ገባ። ፊናንሶች፣ የዚያን ጊዜ የኮንትሮባንድ ተቆጣጣሪዎች፣ ጠቋሚ ነበራቸውና ጠዋቱን ንጉሡን ባዶ እጁን ያዙት። እሱ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ቤት ሁሉ በረበሩ። ክር እንኳ አላገኙም። ማስረጃ ስለጠፋ ፈቱት። ዝናው የመጣው ከዚያ ነው፤ እስኪሞት ድረስም ዕቃው የት እንደነበር ለማንም አልተናገረም።

«እኔም አላውቅም» ይላል አስጎብኚው እጁን ዘርግቶ። «የሚያውቅ ሰው ካለ፣ በእግዜር፣ ይምጣና ይንገረኝ። እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ። ሦስት አህያ አልነበረም፤ የአንድ አህያ ጭነትም አይሞላም። ይህን እያወቅሁ አልሳልሁም። ብስል ከየት አወቁት ይለኛላ።

ከዚያ ቀጥሎ የሚቆምበት ቤት፣ የፊልሙ የመጨረሻ ትዕይንት የተቀረጸበት፣ ዛሬ የእንግዳ ማረፊያ የሆነው፣ እኔ ያደግሁበት ቤት ነው።

አባቴ ከከተማው ውጭ፣ ሶፊ በሚባል ገጠር፣ ገበሬ ነበር፤ ሲሞት እናቴ ሌላ ትዳር ያዘች፣ እኔን አክስቴ ወደ ጁገል አመጣችኝ። አክስቴ፣ አላህ ይርሀማት፣ ባሏ የሞተባት ጨርቅ ነጋዴ ነበረች። ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ ትንሽ መደብ ነበራት፤ ለልብስ ሰፊዎቹም ታቀርባለች። ጸሎቷን የማታጎድል፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ፣ ጎረቤት ለሽምግልና የሚፈልጋት ሴት። ንጉሡ የሚያመጣውን ጨርቅ የምታስቀምጠው እሷ ነበረች። ማን ይጠረጥራል?

የምታስቀምጥበትን ብልኀት አስቤ እስካሁን እደነቃለሁ። ጎህ ሲቀድ ምንጣፉን ታወርድና መሬት ላይ ትዘረጋዋለች። ስሱን ሐር፣ ሺፎኑን፣ ናይለኑን ከተጠቀለለበት ጣውላ ፈትታ በመዳፏ እየደባበሰች ትደለድልበታለች። ከዚያ አብራው ትጠቀልለዋለች፣ በገመድ ታስራለች፣ መሰላል ላይ ወጥታ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። የመሰላሉን እግር የምይዘው እኔ ነኝ። ምንጣፉ ከወትሮው ትንሽ ይወፍራል፤ የሴት ልጅ ምንጣፍ ወፈረ ብሎ የሚያፈጥጥ ባለጌ ደግሞ በጁገል አልነበረም።

ፊናንሶቹ ንጉሡን በያዙበት ጠዋት ወደ እኛም መጡ። አለቃቸው ከመሃል አገር የተመደበ ወጣት ነው፤ አብሮት የመጣው ፖሊስ ግን የሐረር ልጅ ነው። መደቡን አንኳኩ፣ የእህሉን ጆንያ ወጉ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የሣር ስፌቶች አንድ በአንድ እያወረዱ ገለበጡ። አክስቴ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። በመጨረሻ አለቃው ቀና አለና ዱላውን ወደ ምንጣፉ አነሣ።

«ጌታዬ፣ እሱን ይተዉት» አለ ፖሊሱ።

«ለምን?»

«እሱን ያወረደ ልጅቷን ያገባል።»

አለቃው ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጥግ ቆሜያለሁ። አክስቴ ዓይኗን ከምስሩ ሳታነሣ ተናገረች፦

«ያውርዱት፣ ልጄ። ብቻ አስቀድመው ሽማግሌ ይላኩ። መህሯም፣ ጥሎሿ ማለቴ ነው፣ ቀላል አይደለም።»

«እማማ፣ እኔ እኮ ሚስት አለኝ።»

«ታዲያ ምን ቸገረ? በእኛ ሃይማኖት እስከ አራት ይፈቀዳል።»

ፖሊሱ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። አለቃውም ፊቱ ቀላ፣ ዱላውን አወረደ፣ ስፌቶቹን ስላመሰቃቀሉ ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። አክስቴ የለቀመችውን ምስር ቀስ ብላ ማሰሮ ውስጥ ጨመረችና «ውኃ ስጪኝ» አለችኝ። ምስሩ ላይ ትጨምረዋለች ስል በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የሚያኮራ ብቻ ነው። የሚከብደኝ ቀጥሎ ያለው ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ የልብስ ሰፊ ልጅ ሽማግሌ ላከብኝ። ለዒድ ቀሚስ ሲለካኝ አይቼዋለሁ፤ ሜትሩን ሲዘረጋ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም ነበር። ወድጄው ነበር ብዬ አልጽፍም፤ ጠልቼውም አልነበር። ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ሰማሁ።

«ልጅቷ ትማራለች» አለች አክስቴ።

«ምን ትማራለች? ፊደል እንኳ አልቆጠረችም» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

«እሱን ነዋ የምትማረው።»

ሽማግሌዎቹ ሄዱ። እሷ ደግሞ ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት፤ በማግስቱ እጄን ይዛ ማታ ትምህርት ቤት አስገባችኝ። እኩዮቼ ልጅ ሲያዝሉ እኔ ከዘበኞችና ከቤት ሠራተኞች ጋር ተቀምጬ ሀ ሁ አልሁ። የዛሬዋን እኔን የሠራችው ያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ግን ለምን ተናገረቻት? ብዳር ምንጣፉ ይወርድ ነበር፤ ምንጣፉ ከወረደ ጨርቁ መግቢያ አልነበረውም። መማሬ ለሽማግሌ የተሰጠ ሰበብ ይሁን፣ ወይስ ምንጣፉ ለእኔ መማሪያ የተገኘ ሰበብ፣ አላውቅም።

ማመዛዘን እወዳለሁና ሌላውንም ልናገር። ከዓመታት በኋላ ንጉሡ ሥራውን ተወ፣ የእኛም ንግድ በቀን የሚታይ ብቻ ሆነ። ያኔ ሌላ ሰው ጠየቀኝ። በዚያን ጊዜ አክስቴ «ልጅቷ ራሷ ትናገር» አለች። ፈተና ነበረብኝና አይሆንም አልሁ። ነፃነቱን የሰጠችኝ ድሮም ያሰበችው ያንን ስለሆነ ነው? ወይስ ምንጣፉ ባዶ ስለሆነ? ታማ በተኛች ጊዜ እንኳ አልጠየቅኋትም። አንድ ከሰዓት ከአልጋዋ ሆና ሽቅብ አየችውና «አቧራ ይዟል፣ አራግፊው» አለችኝ። አወረድኩት፣ አራገፍኩት፣ ከዚያ ምን ላድርገው ብዬ ዞር ስል ዓይኗን ጨፍናለች። መልሼ ጠቅልዬ ሰቀልኩት። ስትሞት ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያወረድኩት። ላዩ ግራጫ ሆኗል፤ ስዘረጋው ግን ውስጡ ገና ዛሬ እንደተሠራ ነበር።

ቤቱ የኪራይ ስለነበር ለቅቄ ከግንቡ ውጭ ወጣሁ። ፊልም ሠሪዎቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። መደርደሪያው ባዶ መሆኑ አላማራቸውምና ደማቅ ቀይ ምንጣፍ ገዝተው አኖሩበት። በፊልሙ መጨረሻ ወሮበላው ዘሎ ምንጣፉን ጎትቶ ያወርድና ሽጉጥ ይጠቀልልበታል። ቤቴ ተቀምጬ ቴሌቪዥን ላይ ሳይ «ኧረ ውርደት!» ብዬ ብቻዬን ጮኼያለሁ።

አስጎብኚው ስለዚያ ልማድ በሚገባ ያስረዳል፤ እኔው ነኝ የነገርኩት። አንድ እሑድ አንዲት ጎብኚ «ልጅቷ ባታገባስ?» ብላ ጠየቀችው። እሱም «ያው ሁለቱ አብረው ያረጃሉ» አለ። ሁሉም ሳቁ። አልቀየምኩትም፤ በዚያ ቤት ማን እንዳደገ እሱ ከየት ያውቃል? ግን ሳልሁ። ዞር ብሎ አየኝ። የተናገረውን በልቡ ደጋግሞ ሲመረምር ይታየኛል፤ ስሕተቱን አላገኘውም።

ባለፈው ክረምት ማለቂያ ላይ፣ ተማሪዎች በሌሉበት አንድ ከሰዓት፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በሩን ከፍቶ ገባ። ጃኬቱን እያራገፈ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች በማግስቱ ስለ ንጉሡ ዘጋቢ ፊልም ሊቀርጹት እንደሆነ ነገረኝ። ደስታው ከፊቱ ይፈስሳል።

«አንድ ነገር ብቻ ቲቸር። ካሜራ ፊት ‹ዕቃው የት እንደነበር አላውቅም› አይባልም አሉኝ። ታሪኩ ጭራ ይፈልጋል። ስለዚህ አሰብኩበት፤ ከንጉሡ ጓሮ ያለው አሮጌ ጉድጓድ አለ አይደል? ጨርቁን በፕላስቲክ ጠቅልሎ እዚያ አወረደው እላለሁ። እንዴት ነው?»

ብናገር አክስቴ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቀው ሴት፣ ከነገ ጀምሮ በወሮበላ ጉብኝት ላይ ትቆማለች። እኔም አብሬያት እቆማለሁ፤ ቀና ብሎ ምንጣፉን የሚያይ ሁሉ ቀጥሎ እኔን ያያል። ዝም ብል ደግሞ ጉድጓዱ እውነት ይሆናል። ልጆች በቴሌቪዥን ያዩታል፣ ነገ እዚሁ ቤተ መጻሕፍት መጥተው ‹ቲቸር፣ ጉድጓዱ የት ነው?› ይሉኛል። ያ ሁሉ ብልኀት፣ ያ የምስር ለቀማ፣ ያ በአንድ ትንፋሽ የተጨለጠ ውኃ፣ በጭቃ ጉድጓድ ይተካል።

ሳልሁ።

ሳቀ። «ኧረ ቲቸር፣ ዛሬ እንኳ ጎብኚ የለም! በአፍዎ ይንገሩኝ።»

«ጉድጓድ አልነበረም።»

«እንዴት አወቁ?»

«መሰላሉን እኔ ነበርኩ የምይዘው።»

ተቀመጠ። ከመጀመሪያ ጀምሬ ነገርኩት፤ ድርቆሹን፣ ሐሩን፣ ዱላውን፣ ሽማግሌዎቹን፣ ሦስት አህያ አለመሆኑንም። ስለ አለቃው ስነግረው እንኳ አልሳቀም፤ አፉን በእጁ ሸፍኖ ያዳምጣል። ስጨርስ ዝናቡ አባርቷል።

«‹አብረው ያረጃሉ› ብዬ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ለዚያ ነው ያን ቀን የሳሉት።»

«ስሕተት አልነበረውም። ተወው።»

«ስሟን ልጥራት?»

«አትጥራ። አንዲት ሴት ነበረች በል። የንጉሡ ዝና ያደረው ከእሷ በር በላይ ነው በል፤ ይበቃታል።»

«ልጅቷስ?»

«ልጅቷ ተማረች በል።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ራሴን የጠየቅሁትን፣ ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼው የማላውቀውን ጠየቀኝ። «ታዲያ ምንጣፉ ለማን ነበር፣ ቲቸር? ለእርስዎ ወይስ ለጨርቁ?»

«አላውቅም።»

«እሱን ካሜራ ፊት እንዲያው ልተወው? አላውቅም ልበል?»

«አላውቅም በል። አይሆንም ካሉህ እኔ ጋ ላካቸው።»

ጃኬቱን ለበሰ። በሩ ጋ ደርሶ እጀታውን ሲይዝ ጠራሁት፤ አንድ ነገር ልቤን ሲበላኝ ነበር።

«ቀለሙን እንዳትሳሳት» አልሁት። «ፊልሙ ላይ ያለው ቀይ ነው። የእኛ አረንጓዴ ነበር።»